ሜሪላንድ ውስጥ የኦፕን ሶርስ ሕግ እንዲወጣ ከየት ልጀምር?

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ባለፈው ወር ለእናቴ ከአንድ የስቴት መሥሪያ ቤት የሚሞላ ፎርም በኢሜይል መጣላት። የምትጠቀመው እኔ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) የጫንኩበትን አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ፎርሙን ስትከፍተው ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ገጽ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። እሷም የተባለችውን አደረገች፤ ጠበቀች። ከሥራ ስገባ ቡናዋ አጠገቧ ቀዝቅዞ፣ እሷ አሁንም ስክሪኑን እያየች ነበር። ለካ ፎርሙ በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ካልሆነ አይከፈትም። ያ ፕሮግራም ደግሞ ሊኑክስ ላይ አይሠራም።

በእኛው ታክስ የተሠራ ፎርም እኮ ነው! ስለዚህ ሕግ እንዲወጣ መንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። የስቴቱ ቢሮዎች ሶፍትዌር ሲገዙ ኦፕን ሶርሱንም፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን፣ አብረው እንዲያዩ፣ ለሕዝብ የሚሰጡትንም ፋይል ማንም ሊከፍተው በሚችል ፎርማት እንዲያዘጋጁ። ፕሮግራመር ነኝ፤ በፖለቲካው በኩል ግን ጨዋ ነኝ። ማንን ነው የማናግረው? ዜግነት ገና አላገኘሁም፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ፣ ያስቸግራል? ሌላ ስቴትስ ተሞክሮ ያውቃል?

አናፖሊስ ተመላላሽ

ወንድሜ፣ ከዜግነቱ ልጀምርልህ፤ ብዙ የእኛ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቀረው። መምረጥ አትችልም እንጂ ተወካይህን ማናገር ትችላለህ። ኮሚቴ ፊት ቀርበህ ሐሳብህን መስጠትም ትችላለህ። ለመንግሥት አቤት የማለት መብት የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ላይ ያለ ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅህ የለም።

የምታናግረው የራስህን ሰፈር ተወካዮች ነው። ሜሪላንድ 47 ዲስትሪክት አላት። አንተ ባለህበት አካባቢ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) ይወክሉሃል። በቃ፣ አራት ሰው። ለ188ቱም አባላት ኢሜይል መበተን ትርፉ ድካም ነው።

ጊዜውን አስብበት። ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው፣ የሚሠራውም 90 ቀን ብቻ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ የሕግ ረቂቅ ይቀርባል። ከተከፈተ በኋላ ብትሄድ ማንም ጆሮ የለውም። አሁን በመከር ወቅት ሁሉም ሰፈሩ ነው ያለው፣ ቀጠሮ ይገኛል። ቀጠሮ ላይ ቢሮ ሠራተኛዋ ብቻ ብትመጣ ቅር እንዳይልህ። ሐሳብህን ለአለቃዋ የምታስረዳው እሷ ናት።

ረቂቁን ራስህ ጽፈህ አትሂድ። የሕጉን ቋንቋ የሚጽፉ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች አሉ። ካንተ የሚፈለገው ችግሩንና የምትፈልገውን የያዘ አንድ ገጽ ነው።

ሌላው፣ እያንዳንዱ ረቂቅ ላይ ለስቴቱ ስንት እንደሚያስወጣ የሚገልጽ የወጪ ማስታወሻ ይወጣል። ቢሮዎቹ «ይህ ብዙ ሰው መቅጠር ይጠይቀናል» ካሉ፣ ረቂቁ ሳይነሳ ይወድቃል። ስለዚህ የስቴቱን የአይቲ ሰዎች ቀድመህ አናግራቸው። ምን ቢጻፍ እንደማይከብዳቸው ጠይቃቸው።

የድሮ ሊኑክሰኛ

የሌሎቹን ስቴቶች እኔ ልንገርህ። ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ኦሪገን በ2003 ሞክራ ነበር። ረቂቅ 2892 ቢሮዎች ኦፕን ሶርስን እንዲያገናዝቡ፣ ዝግ ሶፍትዌር ሲገዙ ደግሞ ምክንያታቸውን እንዲያቀርቡ ይላል። የሶፍትዌር ኩባንያዎች ተወካዮች ተሰልፈው ተቃወሙት፣ ሳያልፍ ቀረ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ የቀረበውም አልጸደቀም።

የተሳካላት ኒው ሃምፕሸር ናት። ረቂቅ 418 በ2012 ጸደቀ። ቢሮዎች ሶፍትዌር ሲገዙ ኦፕን ሶርሱንም እንዲያገናዝቡ፣ ክፍት ፎርማትም እንዲበረታታ ያዛል። ኦፕን ሶርስ ብቻ ግዙ አይልም። እኔ በበኩሌ ጠንከር ያለ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን «ያገናዝቡ» የሚለው ቃል በር ይከፍታል፤ «ይገደዱ» ብለህ ከጀመርክ በመጀመሪያው ቀን ጠላት ታፈራለህ።

ማሳቹሴትስ ግን ከሁሉም በላይ ልታውቃት ይገባል። በ2005 የአስፈጻሚው አካል ሰነዶች በክፍት ፎርማት እንዲቀመጡ መመሪያ ወጣ። ሕግ አይደለም፣ መመሪያ ነው። ማን ተቃወመ መሰለህ? ከኩባንያዎቹ ሌላ ማየት የተሳናቸው ሰዎችና ተሟጋቾቻቸው። ጽሑፍ የሚያነቡላቸው ፕሮግራሞች ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር በደንብ አይሠሩም ነበር። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው፣ ቀድሞ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። መመሪያውን የገፋው የአይቲ ኃላፊ ሥራውን ለቀቀ። በ2007 ተፎካካሪው የማይክሮሶፍት ፎርማትም ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። አንተም ለዴሊጌቷ ከመንገርህ በፊት አካል ጉዳተኞች ማኅበር ሂድ።

ፊደል ወዳድ

የድሮ ሊኑክሰኛ ያለው ላይ ልጨምር። እዚህ ሰፈር አበሻው ብዙ ስለሆነ የራሳችንን ምሳሌ ይዘህ ግባ። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። የስቴቱ ቢሮ የአማርኛ ማስታወቂያ ሲያወጣ ለፎንት ሳንቲም አይከፍልም። ፊደሉ ወደ አራት ማዕዘን ሳጥን ከተለወጠ ደግሞ ገብቶ የሚያስተካክል የእኛ ልጅ አይጠፋም። ወረቀት ላይ አትመህ አሳያቸው፤ «ኦፕን ሶርስ» ምን እንደሆነ በአንድ እይታ ይገባቸዋል።

አንድ ጥንቃቄ። ቤተ ክርስቲያን ወይም ማኅበር ይደግፈኝ ካልክ፣ 501(ሲ)(3) የሆኑት (ከፌዴራል ታክስ ነጻ የሆኑ የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ድርጅቶች) ሕግ እንዲወጣ መጠየቅ አይከለከሉም። የሥራቸው ትልቅ ክፍል እንዳይሆን ብቻ ነው። ለዕጩ ቅስቀሳ ግን ፈጽሞ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ፊርማ ስታሰባስብ የማንንም ተመራጭ ስም አታንሳ። ደብዳቤው ስለ ፎርሙ ይሁን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ከአንዷ ዴሊጌት ቢሮ መልስ መጣ፣ ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘውልኛል። ኮሚቴ ፊት ከደረስን የምለውን ከወዲሁ ጀምሬዋለሁ፦

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ኦፕን ሶርስ ማለት የምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ሲሆን...»

አናፖሊስ ተመላላሽ

አይሆንም ወንድሜ። የሚሰጥህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ትርጉም ስታብራራ ደወሉ ይደወልብሃል። በእናትህ ጀምር። «እናቴ የዚህን ስቴት ፎርም ከፍታ እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ ጠበቀች።» ከዚያ የስክሪኑን ፎቶ አሳይ። ከዚያ የምትፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ትርጉሙን በጽሑፍ በምታስገባው ላይ አድርገው። በቃልም በጽሑፍም የምትመዘገበው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ነው፣ ቀነ ገደቡ ከስብሰባው በፊት ስለሚዘጋ አካውንቱን ዛሬውኑ ክፈት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ (ጠያቂ)

ገባኝ። ለእናቴ ሳነብላት «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ፤ አስተርጓሚ እሆናለሁ። ማክሰኞም አብራኝ ትሄዳለች። ዲስትሪክት 20 ውስጥ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ።