«ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው» በማን ብር?

የሰባተኛው ልጅ፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አራት ተመራማሪዎች ቀርበው ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ጤፍ አዳቃይ ነው። አንዷ የቅሪተ አካል ተመራማሪ፣ አንዱ የብራና መጻሕፍት አጥኚ፣ አንዱ ደግሞ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲገባው የሚሠራ። ጋዜጠኛው «ለዚህ ሥራ ያነሳሳችሁ ምንድን ነው?» አላቸው። የጤፉ ሰውዬ ስለ ገበሬው ተናገረ፤ አንጀቴን አራሰኝ። የቅሪተ አካሏ ሴትዮ ግን «እውነቱን ልንገርህ፣ ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው» ብላ እርፍ! ብቻ! ጤፍ ስንት እንደገባ እያወቀች? የልጄ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ማለት የተቆለፈ ክፍል ነው። እኔም ብዙ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ደመወዝ የሚቆርጥልኝ ግን አላገኘሁም።

እሙ ናሆም፦
እኔም አዳምጫለሁ። ከ«ብቻ» በኋላ ያለውን ለምን ዋጥከው? ቀጥላ የአፋር ልጆች አብረዋት ሜዳ ወርደው አጥንትን ከድንጋይ መለየት እንዴት እንደለመዱ ተናግራለች። ወሬ ስታመጣ ሙሉውን አምጣ።

የሰባተኛው ልጅ፦
እሙዬ፣ እሱ ማጣፈጫ ነው። የተጠየቀችው «ምን አነሳሳሽ?» ነው። «ብቻ» ካለች ሌላው ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
«ብቻ» ላይ የምትንጠለጠለው የተመራማሪውን የአክሊሉ ለማን ታሪክ ስለማታውቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እንጻፍ።) በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠና ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እነሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ሌላው ቦታ ላይ ግን በሕይወት አሉ። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አልፏል? እሱ ቆመ። ከአረፋው አስጨምሮ በሕይወት ያሉት ላይ ሞከረው፤ ሞቱ። «እንዶድን አጥና» ብሎ የላከው ሰው አልነበረም።

የሰባተኛው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእኔ መሰከርክ። አክሊሉ እዚያ የሄደው በበሽታ ምክንያት ነው። «ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ» አላለም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
በሽታው ወንዙ ድረስ ወሰደው። ወንዙ ዳር ያስቆመው ግን ማወቅ መፈለጉ ነው። በሽታ በሽታ ብቻ የሚል ሰው ቀንድ አውጣውን ቆጥሮ፣ ፎርሙን ሞልቶ ይመለስ ነበር።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
ታሪኩን ጨርሱት እንጂ። እንዶዱ ከተገኘ በኋላ ዓለም አቀፎቹ ተቋማት የአፍሪካ ላብራቶሪ ውጤት አልዋጥ ብሏቸው፣ መርዛማነቱ በእኛ ደረጃ ይፈተሽ እያሉ ዓመታት ፈጁ። በ1989 አክሊሉና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ። በ1990ዎቹ ደግሞ እዚህ አሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለባሽ እንስሳ በእንዶድ ለመግደል ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣ። የጤፉም እንዲሁ ነበር። የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄታችን ፓተንት ይዞ ቆየ፤ የሄግ ፍርድ ቤት የሰረዘው በ2018 ነው። እናንተ «ለምን አወቅን» እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ሌላው ይመዘግባል።

ጉለሌ በር፦
ጋሼ ሜሪላንድ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። ደግሞስ ከዚያ ሆኖ «ወሰዱብን» ማለት ቀላል ነው። እርስዎ ራስዎ የት ሄዱብን?

ሜሪላንድ ያለሁት፦
እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ ልጄ፤ ማንም ፓተንት አላወጣብኝም።

የቆቦ ልጅ፦
እኔ የማውቀውን ልናገር። አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያላየ ሰው ስለ ጥቅምና ስለ ጉጉት ባይከራከር ደስ ይለኛል። ሐምራዊ አበባ አለው፤ ለማያውቀው ያምራል። ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠምጠዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። የሚነቃው የማሽላው ሥር አንድ ኬሚካል ሲያመነጭ ነው። ተመራማሪው ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቹ ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው አዳቀሉ። አረሙ ሳይነቃ ይቀራል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰደው በነፃ አይደለም። ይህ ነው ምርምር። አጥንት አይበላም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
የቆቦው፣ ኬሚካሉ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው ከምን እንደሆነ ታውቃለህ? በ1966 ከጥጥ ሥር ነው። አቀንጭራ ጥጥን አይጎዳም። ጥጥ ሥር ውስጥ የማሽላ ጠላት ለመፈለግ ማን በጀት ይሰጣል? ማወቅ የሚፈልግ ብቻ!

የሰባተኛው ልጅ፦
ቆይ ቆይ። በ1966 አሜሪካኖቹ ስለ አቀንጭራ ምን አገባቸው? በ1956 ካሮላይና በቆሎ ማሳ ውስጥ ተገኝቶባቸው ነው። በቆሎዋ ሲነካ ላብራቶሪ ገባች። የምን ጉጉት!

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
እሺ፣ ከዚያ በኋላስ? ተክሉ ጠላቱን የሚቀሰቅስ ኬሚካል ለምን ያመነጫል? የገዛ ገዳዩን ይጠራል? ይህን የጠየቀው ማሳው የተበላበት ገበሬ አይደለም። በ2005 ጃፓኖች መልሱን አገኙ። ተክሉ በዚያ ኬሚካል የሚጠራው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ ጥሪውን ጠልፎ ነው የሚሰማው። ይህ ከታወቀ በኋላ ነው «ኬሚካሉን ጨርሰን ብናጠፋው ፈንገሱንም እናጣለን» ተብሎ ጥንቃቄ የመጣው።

የቆቦ ልጅ፦
ያው ለማሽላ ጠቀመ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ጠቀመ አዎ፤ የተጠየቀው ግን ሊጠቅም ተብሎ አይደለም።

የቆቦ ልጅ፦
ካልጠቀመ ማን ያስታውሰው ነበር?

ቢሾፍቱ ዳር፦
አይ እናንተ። ስለ ጤፍ አዳቃዩ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም «እሱማ ለገበሬው ነው» ብሎ አለፈው። የጤፍ አበባ ዓይን አይሞላም። ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሰው ሊያዳቅለው አይችልም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ጠዋት በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሰበት። ማዳቀል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የዚያ ልጅ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ጤፍ ማሳ ውስጥ አጎንብሶ አበባ የሚጠብቅ ሰው። ያኔ «ለምን?» ብትሉት ኖሮ ምን ይላችሁ ነበር?

የሰባተኛው ልጅ፦
«ጤፍ ላዳቅል» ይለኝ ነበር። አበባ ሊያደንቅ አልወጣም።

እሙ ናሆም፦
አንተ ሰውዬ፣ ማንም ሰው አስቀድሞ ምክንያቱን በፎርም ካልሞላልህ አያርፍልህም።

የቆሎ ተማሪ፦
የብራናው ሰው የእናንተ ጤፍና ማሽላ ውስጥ ጠፋ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ውሰዱ። በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው በጥይት ተመቱ፤ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖሩት። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሱ መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ሠሩ። ፊልሙ ከ9 ሺህ መጽሐፍ በላይ ነው። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ሰጧቸው። ይህ ስንት ኩንታል ጤፍ ያወጣል ልትሉ ነው?

የሰባተኛው ልጅ፦
እሳቸውን አትንኩብኝ! እሳቸው ለአገር ቅርስ ነው የሠሩት። ምክንያት ነበራቸው።

የቆሎ ተማሪ፦
አሃ! ብራና ሲሆን ቅርስ፣ አጥንት ሲሆን ቅንጦት። ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል የተገኘችው ዲኪካ ነው፣ አፋር ውስጥ። መጽሐፈ ሄኖክ ዋልድባ ገዳም ተገልብጦ ቢገኝ ቅርስ ትለው የለ? ሁለቱም የዚህ አገር ናቸው።

መቀሌ ያለሁ መምህር፦
ከውስጥ ሆኜ ልንገራችሁ፤ ስሜን አልጽፍም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አብዛኞቻችንን የሚያነሳሳን የደረጃ ዕድገት ነው። ጉጉትም ገበሬም አይደለም። ለረዳት ፕሮፌሰርነት ጽሑፍ፣ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጽሑፍ። ብር ከፍለህ በሳምንት የሚያወጣልህ መጽሔት ሞልቷል። ላብራቶሪ ያዘዝኩት ኬሚካል ሲደርስ ያዘዝኩለት ተማሪ ተመርቆ ሥራ ይዟል። ሬዲዮ ላይ «ለገበሬው» ያለውም «ማወቅ ስለምፈልግ» ያለችውም ለእኔ ያው ናቸው። ሁለቱም የክብረ በዓል ንግግር ነው።

እሙ ናሆም፦
መምህር፣ ከርስዎ ጋር አልስማማም። ሰላም የተገኘችው በ2000 ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ2006። በመሃል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጥንቱ ላይ የደረቀውን አሸዋ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ያነሳ ነበር። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየች የሕፃን ፊት ናት፤ እጅ ከተንሸራተተ አለቀ። ለደረጃ ዕድገት የሚሮጥ ሰው እንዲህ ይታገሣል?

መቀሌ ያለሁ መምህር፦
እህቴ፣ እሱ ያኔ የተቀጠረው ጀርመን፣ ላይፕሲሽ ነበር። እኔ ያን ያህል ዓመት ያለ ጽሑፍ ብቀመጥ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮዬን ለሌላ ይሰጥብኛል። ትዕግሥትም በጀት ይፈልጋል።

ጉለሌ በር፦
በ70 በ30 ዘመን፣ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር በተባለበት ጊዜ፣ እኔ ታሪክ ልማር ብዬ ኢንጂነሪንግ የተወረወርኩ ሰው ነኝ። ያኔም የተባለው «አገሪቱ የሚያስፈልጋት ይህ ነው» ነው። የሰባተኛው ልጅ ንግግር ያንን አስታወሰኝ። አሁን ስልክ መለዋወጫ እሸጣለሁ። አገሪቱ ምን አተረፈች?

የሰባተኛው ልጅ፦
ያንተን የመለዋወጫ ሱቅ እኔ ላይ ልትደፈድፈው ነው? አቦ ተወና! ደግሞ ሉሲና ሰላም በ2025 ፕራግ ድረስ ሄደው ታዩ። የመግቢያው ብር ሰፈሬ ሰባተኛ አልደረሰም።

እሙ ናሆም፦
አምስት ኪሎ ሙዚየሙ ገብተህ ታውቃለህ?

የሰባተኛው ልጅ፦
ምን አገናኘው?

እሙ ናሆም፦
መልስልኛ።

የቆቦ ልጅ፦
ኧረ የኮምፒውተሩን ሰውዬ ረሳችሁት። እሱ ምን ብሎ ነበር?

ቢሾፍቱ ዳር፦
እናቱ ማንበብ አትችልም አለ። እሷ ስትናገር ስልኳ እንዲጽፍላት፣ የተጻፈውን ደግሞ እንዲያነብላት ነው የሚሠራው። ከአራቱ ለእኔ የገባኝ እሱ ነው።

ጉለሌ በር፦
የኔ እናት ኦሮምኛ ነው የምትናገረው። እሷስ? የእናቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ስለ እናቱ ብቻ ከሠራ የሌሎቻችን እናቶች ተራ መቼ ነው?

ቢሾፍቱ ዳር፦
የኦሮምኛውንም የሚሠሩ አሉ። በሰውዬው ላይ አታላክክ፤ የጀመረው ከሚያውቀው ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያ ሁሉ የተሰበሰበ የእናቶች ድምፅ የሚቀመጠው የማን ኮምፒውተር ላይ ነው? ነገ ማን ፓተንት ያወጣበታል? እንዶዱም ሲጀመር እንዲህ ነበር።

ጉለሌ በር፦
ጋሼ፣ ተመልሰው እንዶድ ውስጥ ገቡ? እዚያ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት ታክሲ ይነዳሉ፣ ይተኙ እንጂ።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ቀጥሉ።