ለፈጠራ ዓለማችን ሃይማኖት ከወሎ እንቅዳ ወይስ አንቅዳ?

የጦሳ ልጅ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ተሰብስበን የሮልፕሌይ ጨዋታ የምንጫወት አምስት ልጆች ነን፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይጫወታል፣ ያሰበው መሳካቱን ዳይስ (ዛር) ጥለን እናያለን። አዲስ ዓለም እየፈጠርን ሃይማኖቱ ላይ ተጣላን። መሪያችን ዐሥራ ሁለት አማልክት በሰንጠረዥ አመጣ፤ የእሳት፣ የባሕር፣ የጦርነት። እኔ ይሄ የሱቅ ዕቃ ዝርዝር ነው አልኩት። ሰው ሃይማኖቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በሚበላውና በማይበላው፣ በሚገባበትና በማይገባበት ነው። ለዚህ ደግሞ ከወሎ በላይ ምን አስተማሪ አለ? ፍረዱን።

ዳይስ ያዡ፦ መሪው እኔ ነኝ። ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የሮልፕሌይ ጨዋታ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ሲወጣ ጀምሮ ቄሱ በጨዋታው ውስጥ ሥራ አለው። ተጫዋቹ "አምላኬ ምን ኃይል ይሰጠኛል?" ይለኛል። "ረቡዕ ሥጋ አትበላም" ልበለው?

የጦሳ ልጅ፦ አዎ በለው! ከዚያ ረቡዕ ዕለት ንጉሡ ግብር ይጥራው።

የኮምቦልቻዋ፦ ልጁ ልክ ነው። እኛ ቤት አባቴ ክርስቲያን፣ የአባቴ እናት ሙስሊም ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ስትዳር ጓሮ ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ነበር። ለሙስሊም ዘመዶቻችን ሁለት ፍየል ከነነፍሱ ለጎረቤት ሰጥተን እነሱው አርደው ሠሩት። ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዳችን ሳታውቅ የእኛን ጭልፋ እነሱ ድስት ውስጥ ነከረችው። ወጡ ለእነዚያም ለእኛም የማይሆን ሆኖ ቀረ። አክስቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ሽሮ ጣደች። ሽሮ የሁሉም ነው። እናንተም ሁለት ሃይማኖት ስትፈጥሩ ከአማልክቱ በፊት የዚያን አገር ሽሮ ፈልጉ።

ሐይቅ ዳር፦ ጭልፋው ጥሩ ነው። የጦሳ ልጅ ግን የላከልኝ ረቂቅ ላይ ወዳጃ፣ ተሰብስበን ዱዓ የምናደርግበት ሥርዓት፣ አለ። ስሙን ቀይሮታል እንጂ ጫቱ፣ ዕጣኑ፣ ቡናው፣ አሚን እያለ የሚቀበለው ሰው እንዳለ ነው። አያቴ ታመው ዱዓ ሲደረግላቸው እግራቸው ስር ቁጭ ብዬ አሚን ብያለሁ። አሁን ዳይስ ተጥሎ "3 ወጣ፣ ዱዓው አልሠራም" ሲባል ልስማ? በአላህ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም።

ዳይስ ያዡ፦ ለዚህ ነው ሰንጠረዥ ያልኩት። የእሳት አምላክ ማንንም አያስቀይምም።

የኮምቦልቻዋ፦ ማንንም አያስቀይምም፤ ማንም አያምነውም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። አማልክቱን ቀንሱና አንድ ዐዋጅ ጨምሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ አሉ። የወሎው መስፍን መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የወሎው የእስልምና ሊቅ ሸህ ጦልሃ ደግሞ አመፁ። ከሁለቱ መካከል ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። ተጫዋቻችሁን እዚያ ሰው ቤት በእንግድነት አሳድሩት። ማታ ምን አይቶ ጠዋት ለማን ይናገራል? ይህን ሰንጠረዥ አይነግራችሁም።

ዳይስ ያዡ፦ እሺ መምህር፣ ይሄ አሸንፎኛል። አማልክቱን ሁለት አደርጋቸዋለሁ።

የጦሳ ልጅ፦ ሐይቅ ዳር፣ ይቅርታ። ክፋት አልነበረኝም፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ወዳጃውን አወጣሁት። ዐዋጁና ጭልፋው ይቆያል።

ሐይቅ ዳር፦ ይሁን። ግን ቅዳሜ ከመጫወታችሁ በፊት ረቂቁን ላክልኝ፣ ላንብበው።