አሥረኛው መጽሐፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ ልዝለለው?

የሮበርት ጆርዳንን ተከታታይ የፋንታሲ ልብወለድ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» እያነበብኩ ነው። ከ14ቱ ቅጾች ዘጠኙን ጨርሻለሁ። አሥረኛው ላይ ግን ቀጥ ብያለሁ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው «ክሮስሮድስ ኦፍ ትዋይላይት» ላይ። የዘጠነኛው መጨረሻ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ራንድ ሳይዲንን (ወንዶች የሚጠቀሙበትን የአስማት ኃይል) ከእድፉ የሚያነጻበት ክፍል፣ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሥረኛው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለስና በዚያው ሰዓት ሌሎቹ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ይተርካል። የራንድ ጓደኛ ፔሪን ሚስቱን ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ አሁንም ይፈልጋል።

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም መሐል ላይ ተውኩት። አጭር ማጠቃለያም አነበብኩ፤ ስሞቹ ጭራሽ ተምታቱብኝ። ተከታታዩን ማቋረጥ ግን አልፈልግም፤ በጣም ነው የምወደው። የማትና የቱኦን ምዕራፎች ደግሞ ደስ ይሉኛል።

እነሱንና የኤግዌንን ብቻ አንብቤ ወደ 11ኛው ብሻገር፣ በኋላ ታሪኩ ይጠፋብኛል?