ጀርመን ውስጥ ሥራ ስትለቂ፦ የዋትስአፕ «እሺ» ኩንዲጉንግ (የውል ማቋረጫ ደብዳቤ) አይሆንም

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ሥራ እንደምትለቂ ለአለቃሽ በዋትስአፕ ነግረሽው «እሺ፣ ችግር የለም» ካለሽ በኋላ ደብዳቤ ያስፈልጋል ወይ ብለሻል። ያስፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ጀርመን ውስጥ የሥራ ኩንዲጉንግ በወረቀት ሆኖ በእጅ ካልተፈረመ እንዳልተጻፈ ነው። በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 623 እንዲህ ነው የሚለው። ኢሜይል፣ ፋክስ፣ ስካን፣ የቃል ስምምነት አይሠራም። ሕጉ አሠሪውንም ይይዛል። በቴክስት «ተሰናብተሻል» ቢሉሽም ያው ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተቃጥዬ ነው። ኖቬምበር 16 አዲስ ሥራ ልጀምር ፈርሜ፣ ለድሮው መሥሪያ ቤት ኦክቶበር 14 በኢሜይል ጻፍኩ። አለቃዬ «መልካም ዕድል» ብሎ መለሰልኝ። ኦክቶበር 25 ላይ ግን ከሠራተኛ አስተዳደር ስልክ መጣ፦ «ኩንዲጉንግ አልደረሰንም»። በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ ግን ቀኑ አልፏል፣ መልቀቂያዬ ወደ ኖቬምበር 30 ተገፋ። አዲሶቹን እባካችሁ ጠብቁኝ ብዬ ስለምን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ውልሽ ሌላ ካላለ ማስጠንቀቂያው 4 ሳምንት ነው፤ የሚያልቀውም ወይ በወሩ 15ኛ ቀን ወይ በወሩ መጨረሻ ነው። 4 ሳምንት 28 ቀን እንጂ አንድ ወር አይደለም። የሚቆጠረውም ከጻፍሽበት ቀን ሳይሆን እነሱ እጅ ከገባበት ቀን ነው። ፕሮበትሳይት (የሙከራ ጊዜ) ላይ ከሆንሽ 2 ሳምንት ይበቃል። ውልሽን ግን አውጥተሽ አንብቢ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስምሽ፣ አድራሻሽ፣ የድርጅቱ አድራሻ፣ ቀን። ከዚያ ዋናው ዓረፍተ ነገር፦ «የሥራ ውላችንን የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጠብቄ በዚህ ቀን አቋርጣለሁ፤ ይህ ካልሆነ ቀጥሎ በሚቻለው የመጀመሪያ ቀን።» የመጨረሻውን ሐረግ ጀርመኖቹ «ሂልፍስቫይዘ ትሱም ኔክስትሞግሊሸን ትሳይትፑንክት» ይሉታል። እባክሽ እንዳትረሺው፤ ቀን ብትሳሳቺ ደብዳቤሽን የምታድነው እሷ ናት። ቀጥለሽ ደብዳቤው መድረሱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽና አርባይትስጾይግኒስ (የሥራ ምስክር ወረቀት) እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ምክንያት መጻፍ አይጠበቅብሽም። ፈረቃ ላይ ስላደረሱብሽ በደል የጻፍሽውን አንብቤ አዝኛለሁ፤ ግን እዚያ ወረቀት ላይ አይግባ፣ ምስክር ወረቀትሽን የሚጽፉት እነሱ ናቸው።

ሁለት ቅጂ አትሚ። አንዱን በእጅ ስጪ፣ በሌላው ላይ «ኤርሃልተን» (ደርሶናል) ብለው ከነቀኑ ይፈርሙልሽ። እምቢ ካሉ ደብዳቤውን ያነበበ ሰው አብሮሽ ሄዶ ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ስትከቺው ይይ። በፖስታ ከሆነ አይንቩርፍ አይንሽራይበን የሚባለውን፣ ፖስተኛው ሳጥናቸው ውስጥ ከትቶ የሚመዘግበውን የአደራ ደብዳቤ ምረጪ። ተቀባይ የሚፈርምበት ዓይነት የተሻለ ይመስላል፣ ግን ፖስተኛው ሰው ካጣ ወደ ፖስታ ቤት ይመልሰዋል፤ ሄደው እስኪወስዱት ድረስ እንደደረሰ አይቆጠርም።

ሌላ ሥራ ሳትይዢ ከሆነ የምትለቂው ደግሞ ቆም በይ። ያለ በቂ ምክንያት በራስሽ ፈቃድ ከለቀቅሽ የሥራ አጥ ክፍያሽ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ይታገዳል፤ ሽፔርትሳይት የሚሉት ይህን ነው። ሥራ ፈላጊ ሆነሽ መመዝገብም ውሉ ከማለቁ 3 ወር በፊት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከቀረሽ ካወቅሽ በ3 ቀን ውስጥ። መኖሪያ ፈቃድሽ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ውሉ ካሰብሽው ቀድሞ ማለቁን ለውጭ ዜጎች ቢሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ አለብሽ።

ቤትም የምትለቂ ከሆነ የኪራይ ውሉ የሚቋረጠው በወረቀትና በፊርማ ነው፣ ማስጠንቀቂያው 3 ወር። የሚቀጥለውን ወር እንዳታቃጥዪ ቢዘገይ እስከ ወሩ 3ኛ የሥራ ቀን አከራይሽ እጅ ይግባ። ውሉ ላይ የባልሽ ስም ካለ እሱም ይፈርም።

ረቂቁን ስትጨርሺ ስምና አድራሻሽን አጥፍተሽ እዚህ ለጥፊው። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ፈርመሽ ትወስጂዋለሽ።