ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሞተር የሚገባው መካኒክ ጠቁሙኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች? 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ) የጀልባ ሞተር አለኝ። ሲነሳ ጥሩ ነው። ቀስ ብዬ ስሄድም ምንም አይል። ሰው ጭኜ ወደ ዘጌ ነዳጅ ስሰጠው ግን ትንሽ ይሮጥና እፍን ይላል። ስቀንስለት ይመለሳል። አምና እንዲህ አልነበረም። ካንዴላ ቀይሬለታለሁ። ሁለት ሰው ተጠቁሜያለሁ፤ አንዱ ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ያለው ጋሼ፣ ሌላው ኮምፒውተር እየሰካ የሚያየው ልጅ። የቱ ይሻላል?

ግልገል አባይ፦ ጋሼ ጋ ውሰደው፣ አለቀ። የአባቴን ጀልባ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የሚሠራው እሱ ነው። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሰምቶ ይነግርሃል።

ማር እሸት፦ የአባትህ ሞተር ካርቡራተር ነበር እኮ፣ ኮምፒውተር የሌለው።

ግልገል አባይ፦ ሞተር ሞተር ነው።

የጣና ዳሯ፦ እኔን ያየ ይቀጣ። አንዱ ጋ ወሰድኩ፣ ስም አልጠራም። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተሩ ነው አለኝ፣ አጠበው። አልሆነም። በአዲስ ቀየረው፣ 18 ሺህ ብር። ተዝካር የሚሄዱ ሰዎች ጭኜ መሃል ጣና ላይ ሲደርስ ያው እፍን! በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ከፊልትሮው የወጣውን ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ አሳየኝ። ውሃው ከታች፣ ቤንዚኑ ከላይ ተኝቷል። ለካ በጀሪካን የገዛሁት ቤንዚን ነው።

ሽምብጥ፦ የትኛው ቤት ነው? በውስጥ ንገሪኝ።

ግልገል አባይ፦ ጋሼን ከሆነ አላምንም።

የጣና ዳሯ፦ ስም አልጠራም አልኩ እኮ! ደግሞ ውሃው የኔ ጥፋት ነው እሺ። ግን ኢንጀክተር ከመቀየሩ በፊት ፊልትሮ አያይም?

የመራዊ ልጅ፦ የኔም የመስኖ ፓምፕ እንደዚሁ ጉልበት አጣ። ገመዱን ስስበው እጄን ይመታኛል። ምን ይሆን?

ባለ ታንኳ፦ ሁላችሁም ደንገል ግዙና ታንኳ እሰሩ። ኢንጀክተር የላትም፣ በጀሪካንም አትጠጣም።

ባለ መፍቻ፦ ጨዋታውን ተዉና ሰውየው ይረዳ። ወንድሜ፣ መካኒክ ከመምረጥህ በፊት ይቺን ሞክር። ሞተሩ እፍን ሲል ረዳትህ ከጋኑ የሚመጣው የቤንዚን ቱቦ መሃል ያለችውን የላስቲክ ኳስ ይጭመቃት። በዚያው ጉልበቱ ከተመለሰ ነዳጅ በወጉ እየደረሰው አይደለም። ወይ የሚስበው ፓምፕ ደክሟል፣ ወይ ቱቦው አየር ያስገባል። ኳሷ ራሷ ጠፍጣፋ ሆና ካገኘሃት ደግሞ ከሷ ወዲያ፣ በጋኑ በኩል የታፈነ ነገር አለ። የጋኑን መተንፈሻ ከፍተሃል? እኔ ራሴ ረስቼው ግማሽ ቀን ሞተር ስፈታ ውያለሁ። ከዚያ ፊልትሮውን እይ፣ እህታችን እንዳለችው። ሞተሩ ላይ ባለችው ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ውስጥም ወንፊት አለች፤ እሷን ለመካኒክ ተዋት፣ ከሷ የሚወጣው ቤንዚን ግፊት አለው። ሌላው እምቦጭ ነው። የውሃ መሳቢያውን ከደፈነው ሞተሩ ይግላል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ራሱ ዙሩን ይቀንሰዋል። ጢጥ የሚል ድምፅ ሰምተሃል? ሞተሩን አቀዝቅዛ ከጎን የምትሸናው ውሃስ አለች?

ማር እሸት፦ ከፍታውንም አትርሱ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ሞተር ከባሕር ወለል ያነሰ ጉልበት ነው የሚሰጠው። ኢንጀክሽኑ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ያስተካክላል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም።

ባለ መፍቻ፦ እውነት ነው። ግን አምና ደህና ነበር አለ እኮ። ጣና ዘንድሮ ወደ ላይ አልወጣ።

ሽምብጥ፦ ላይፍ ጃኬት ኦሪጅናሉን የሚሸጥ ታውቃላችሁ? የገዛሁት ታይዋን ነው፣ ስፌቱ በአንድ ክረምት ተተረተረ።

ጠያቂ፦ ድምፅ የለውም። ውሃውም ይሸናል። ኳሷን ነገ አስጨምቃታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ግልገል አባይ፦ እና ጋሼ ጋ ሄድክ?

የጣና ዳሯ፦ ኧረ የት ገባህ? ሳምንት ሆነህ እኮ።

የመራዊ ልጅ፦ የኔን ፓምፕ ግን ማንም አልመለሰልኝም።