ለእናቴ የልብ ምርመራ፦ ጨረሩ የሚያንሰው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐኪሙ ለእናቴ የኑክሌር የልብ ምርመራ ቢያዝላት «ጨረር ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም» ብላ እምቢ አለች። ልምድ ያላችሁ ጠቁሙኝ።

ጥቆማ፦ እህቴ፣ ከክሊኒኩ በፊት ምርመራውን ምረጪ። አምና እኔም እናቴን ይዤ ሁለት ቦታ ዞሬአለሁ። የመጀመሪያው የሚሠራው በታሊየም ነበር፤ ይኸውም በደም ሥር የሚወጋ ጨረር አመንጪ መድኃኒት ነው። የጨረሩን መጠን ብጠይቅ «ከራጅ ብዙም አይለይም» አሉኝ። እንዴት አይለይም! የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ታሊየም ግን ከ15 ሊያልፍ ይችላል። ከአፈርና ከሰማይ የምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ነው።

ሁለተኛው በቴክኒሺየም፣ በሌላ ጨረር አመንጪ መድኃኒት ይሠራል። በእረፍትና በእንቅስቃሴ ሁለቴ ሲነሣ 10 ገደማ ይሆናል። እነርሱ ግን የእንቅስቃሴውን ያስቀድማሉ፤ ሥዕሉ ደኅና ከሆነ ሌላውን ይተዉታል፤ መጠኑም ወደ 3 ይወርዳል። እናቴ በአንድ ዙር ጨረሰች። ስልክ ስትደውዪ «የእንቅስቃሴውን ብቻ ትሠራላችሁ?» በዪ። የሚያቅማሙ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ጨረር ፈጽሞ የሌለው በእንቅስቃሴ የሚሠራ ኤኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። ለሐኪሙ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ከሆነ እኔ እርሱን አስቀድማለሁ፤ ሳንባ የታመመ ወይም በጣም የወፈረ ሰው ሲሆን ግን ሥዕሉ ሊደበዝዝ ይችላል። ኤምአርአይም ጨረር የለውም። ሲቲ ስካን እንደ መሣሪያው ነው፤ አዲሱ ከ5 በታች ይጨርሳል፣ አሮጌው ከ10 ያልፋል። ደረታቸውን እያመማቸው ሐኪሙ ካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ ቀጭን ቱቦ የሚገባበት ምርመራ) ካለ ግን በጨረር ሰበብ አታዘግዪ።

መርፌው በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ሲመጣ እናቴ አማተበች። ከዚያ ደግሞ ጉበት ላይ የቀረው መድኃኒት የልቧን ሥዕል እንዳይጋርድ ወተት ጠጪ አሏት፤ ዐቢይ ጾም ነበር! ከጾሙ አስቀድመሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ወይም ውኃ ይበቃ እንደሆነ ጠይቂ። በእንቅስቃሴ ፈንታ በመድኃኒት የሚሠሩ ከሆነም ከምርመራው በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ቡና ክልክል ነው።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ለእናቴ አነበብኩላት። ጨረሩን ትታ አሁን የምትከራከረኝ ስለ ቡናው ነው።