ቦይና ውኃ ፊት የምትደነብር ባዝራን በአገር አቋራጭ ዝላይ እንዴት ላደፋፍራት?

ባለ ዳማዋ፦

የተከበራችሁ ፈረሰኞች፣

ስምንት ዓመት የሞላት ዳማ ባዝራ አለችኝ። በታጠረው የልምምድ ሜዳ ውስጥ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን አግዳሚ ያለ ማመንታት ትዘላለች፤ ወደ አገር አቋራጭ ዝላይ ስንወጣ ግን ሌላ ፈረስ የያዝኩ ይመስለኛል። የወደቀ ግንድ ሲሆን እያመነታችም ቢሆን ታልፋለች፤ ቦይና ውኃ ፊት ግን ፈጽማ ትቆማለች።

ባለፈው ወር ስፋቱ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ደረቅ ቦይ አፋፍ ላይ ስንደርስ የፊት እግሮቿን ተክላ ቀረች። አፈሩ ከሰኮናዋ ሥር ሲናድባት ይበልጥ ደንግጣ ወደ ጎን ስትወረወር እኔ አንገቷ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። አብሮን የነበረ ሰው በአለንጋ እንድመታት መከረኝና መታኋት። በእርግጥ ዘለለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቦዩን ገና ከሩቅ ስታየው በአፍንጫዋ ፉር ፉር ማለት ትጀምራለች፣ ላብም ያጠምቃታል። ያን ማድረጌ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። እምነቷን መልሼ ለማግኘት ከየት ልጀምር? መሰናክሉ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረውስ እኔ ምን ላድርግ?

የእንስሳት ሐኪም፦

ወደ ሥልጠናው ከመመለስዎ በፊት የሚያማት ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ለስላሳ አሸዋ ላይ በደስታ የምትዘል ባዝራ፣ ጠንካራ መሬት ላይና ቁልቁል ማረፍ ባለበት ቦታ ብቻ እምቢ የምትል ከሆነ፣ ፍርሃት የመሰለን ነገር የሰኮና ወይም የፊት እግር ሕመም ሊሆን ይችላል። ኮርቻው ትከሻዋን ወይም ጀርባዋን ይጫናት እንደሆነም ይመርመር። የጨጓራ ቁስልም በፈረሶች ላይ በብዛት ይታያል፤ የፈረስ ጨጓራ ሲበላም ሳይበላም ያለማቋረጥ አሲድ ስለሚያመነጭ ባዶ ሆዷን ወደ ልምምድ አይውሰዷት፤ ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ድርቆሽ ይስጧት።

ሁለተኛው ጉዳይ እርስዎ የሚያዩትን ያህል እርሷ አለማየቷ ነው። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከግንባሩ በታች ፊት ለፊት ያለው ቦታ ግን ይሰወርበታል፤ ስለዚህ ሊነሣ ሲል መሰናክሉ ከእይታው ይወጣል። በሩቁ አስተውላ የለካችውን ነው የምትዘለው። ለዚህም ጭንቅላቷን ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ነጻነት ያስፈልጋታል፤ ዛቡን ያሳጠረ ጋላቢ ዓይኗን እንደሸፈነባት ይቁጠረው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ ስትገባም ዓይኗ ጨለማውን ለመልመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ቀለምን በተመለከተ፣ ቀይና አረንጓዴ አይለዩላትም፤ በብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም መሰናክሎች ላይ ብርቱካናማውን ቀለም እ.ኤ.አ. በ2022 በነጭ መተካት የጀመሩት ፈረሶች ብርቱካናማውን ከሣሩ በደንብ ስለማይለዩት ነው።

ነባር ፈረሰኛ፦

ስለ አለንጋው ጸጸትዎን መረዳት እችላለሁ፤ የሆነው ግን በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል መጨመር ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት የኖረው ግሪካዊው ፈረሰኛ ክሴኖፎን፣ ፈረስ በፈራበት ሰዓት ከተመታ ያመመው ያ የፈራው ነገር ይመስለዋል ብሎ ጽፏል። ባዝራዎ የተማረችውም ይህንኑ ነው፤ ቦይ ባለበት ሕመም አለ። አሁን ይህን ትምህርት በሌላ ትምህርት መተካት ይኖርብዎታል።

ያንን ቦይ ለጊዜው ይተዉት። እርምጃዋን ሳትቀይር የምትሻገረው፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥልቀት የሌለው ፈር ይፈልጉ፤ ከሌለም አካፋ ይዘው ይቆፍሩት። በመጀመሪያ ከኮርቻ ወርደው በረጅም ገመድ ይሳቧት፤ ጓንት ያድርጉ፣ ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ የፈራ ፈረስ ሲዘል የሚያርፈው ሰው ያለበት ቦታ ላይ ነውና። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው በእርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ይሂዱ። ብትቆም ወደ ጎን እንድታፈገፍግ አይፍቀዱላት፤ ወደ ኋላም አይጎትቷት፤ ፊቷን ወደ ፈሩ እንዳደረገች ቆማ ትይ፣ ታሽት። አንዲት እርምጃ ወደፊት ስትራመድ በዚያችው ቅጽበት እግርዎን ያላሉላት፣ አንገቷንም ይዳብሱላት። ለእርሷ ትልቁ ሽልማት ጫናው መቆሙ ነው። ሦስት ጊዜ በእርጋታ ከተሻገረች ወርደው ኮርቻውን ያንሡላትና ወደ ቤት ይመለሱ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደስ ስለሚለን አሥር ጊዜ እንደግመዋለን፣ በአሥረኛው ትደክምና እምቢ ትላለች፣ የዕለቱ ትምህርትም እምቢታው ይሆናል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ፈረስ የውኃን ጥልቀት ከላይ አይቶ ማወቅ ስለማይችል እርስዎን አምና መግባት አለባት። በዓለም አቀፍ ውድድር እንኳ የውኃው ጥልቀት ከ35 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ እርስዎ ሰኮናዋን ብቻ ከሚሸፍን፣ ወለሉ ጠንካራ ከሆነ፣ ዳርቻውም ዘቅዘቅ ካለ ቦታ ይጀምሩ። ገብታ ትቁም፤ በእግሯ ትምታው። ትንፋሿ እስኪረጋ ድረስ አይቸኩሉ። ከከፍታ ወደ ውኃ መዝለል የሚመጣው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

ልምድ ያለው የተረጋጋ ፈረስ ከፊቷ ቢሄድላት ሥራው ይቀልልዎታል።

አሠልጣኝ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ መሪ ፈረሱ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በጣም ተጠግታ የምትከተል ከሆነ የምታየው የመሪውን ጭራ እንጂ ቦዩን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ከተከተለች በኋላ በሦስተኛው እርሷ ትምራ፣ በአራተኛው ብቻዋን ትሂድ። አለበለዚያ የተማረችው ጓደኛዋን ማመን ብቻ ይሆናል።

ስለ መጨረሻዎቹ እርምጃዎች ለጠየቁት፣ መልሱ በአብዛኛው በእርስዎ አካል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጽዎትና ትንፋሽዎን የት ላይ እንደሚይዙ፣ እጅዎም የት ላይ እንደሚደርቅ ይመልከቱ፤ እርሷ የምታመነታው ከዚያች ነጥብ ቀጥሎ ሆኖ ቢያገኙት አይግረምዎት። ዓይንዎ ቦዩ ውስጥ ከገባ ደረትዎ ወደፊት ይደፋል፣ ክብደትዎም ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ከቦዩ ማዶ ያለ አንድ ዛፍ ይምረጡና እርሱን እያዩ ድምፅ እያሰሙ ይተንፍሱ። የፈራ ፈረስ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚዘል፣ አንገቷ ላይ ጠፍር አስረው ያንን ይያዙ፤ እንዲህ ካደረጉ ስትነሣ ኋላ ቢቀሩ እንኳ አፏን በልጓም አይመቷትም። ፍጥነት አይጨምሩ፤ ባትዎ ጎኗን ሳይለቅ፣ ምቷን ሳትቀይር፣ ቀጥ ብላ ትምጣ። የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ሳያደርጉ፣ ብቻዎንም ሆነው፣ ቋሚ መሰናክል አይሞክሩ።

ባለ ዳማዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት የሆነውን ለመንገር ነው። ኮርቻው በግራ ትከሻዋ በኩል ይጫናት ኖሯል፤ ተስተካከለ። በቪዲዮው ላይ ራሴን ሳይ ሦስት እርምጃ ሲቀረን ግራ እጄ ወደ ሆዴ ይሳባል፤ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ የሚተኙትም ወዲያው ነው። ይህን ማየት ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የሚታረም ነገር አገኘሁ።

ሁለት ሳምንት በቆፈርኩት ፈር ላይ ብቻ ሠራን። ትናንት ቦዩን በመጀመሪያ በጓደኛዋ ተመርታ፣ በመጨረሻም ብቻዋን በሶምሶማ ተሻገረችው። ግማሽ ሜትር ያህል አትርፋ ስለዘለለች ጠፍሩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ማዶ ላይ አንገቷን ዘርግታ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ እዚያው ወርጄ ኮርቻዋን ፈታሁላት። ውኃው ገና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ከዚያ አላልፍም።